የካራቫን ሆድ በምን ይዘጋ? በጎጃም ለሚቆሙና ለሚጎተቱ ቤቶች የንጽጽር መመሪያ

ደጋው ጎጃም ላይ በካራቫን ያደረ ሰው ብርዱ በየት በኩል እንደሚገባ ማንንም አይጠይቅም፤ ማለዳ ከአልጋው ወርዶ ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ ሲያሳርፍ ራሱ ያውቀዋል። የመንገድ ሥራ ካምፖች፣ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎችና ቀያሾች የሚያድሩባቸው ባለጎማ ቤቶች ግድግዳቸውና ጣሪያቸው ብዙውን ጊዜ በሁለት ላሜራ መካከል ፎም ተሞልቶባቸው ይመጣሉ፤ ወለላቸው ግን በብረት አግዳሚዎች ላይ የተነጠፈ ኮምፔንሳቶ ብቻ ነው። ሆድ በሚባለው፣ ከሥሩ ባለው ክፍት ቦታ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከጮቄ ተራራ ቁልቁል የሚወርድ ነፋስ ይመላለስበታል።

ይህን ክፍት ቦታ ለማስዘጋት ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ስንት ካሬ ነው?» የሚል ነው። ከካሬው በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች ግን አሉ። እኔ በካምፕ ጥገና ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት በርካታ ካራቫኖችን ከሥር ዘግቻለሁ፤ የዘጋኋቸውንም መልሼ ለመክፈት ተገድጃለሁ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የተጻፈው ከመዝጋቱ ይልቅ ከመክፈቱ በተገኘው ትምህርት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ መነገር አለበት። ተጎታች ቤቶች በብዛት በሚመረቱባት በሰሜን አሜሪካ ሆዳቸው የሚዘጋበት ዋናው ምክንያት ከሥር የተንጠለጠሉት የውኃ ጋኖችና ቧንቧዎች በበረዶ ወራት እንዳይረጉና እንዳይፈነዱ ነው። አንዳንዶቹም ከማሞቂያ ምድጃው የሚወጣው ሙቅ አየር በተዘጋው ሆድ ውስጥ እንዲዞር ተደርገው የተሠሩ ናቸው። በእኛ ካምፖች ማሞቂያ ምድጃ የለም፤ ቧንቧ የሚያረጋ ብርድም ከጮቄ ከፍታዎች በቀር ብዙ አያጋጥምም። ስለዚህ ለዚያ አገር የተጻፈውን መመሪያ እንዳለ ወስዶ መሥራት ሙቅ አየር የሚያደርቀውን ሆድ ያለ ሙቅ አየር መዝጋት ይሆናል፤ ውጤቱም የታሸገ እርጥበት ነው። እኛ የምንፈልገው ደረቅ ሆኖ ነፋስ የማያገኘው ወለል ነው።

ሦስት የተለያዩ ሥራዎች

«ከሥር ማስዘጋት» የሚባለው ነገር ሦስት ሥራዎችን ያቀፈ ነው። አንደኛው ዙሪያውን ማጠር ነው፤ ይኸውም ከካራቫኑ ጠርዝ እስከ መሬት መጋረጃ ወይም አጥር ሠርቶ ነፋሱን ማስቀረት ነው። ሁለተኛው ሆዱን መዝጋት ሲሆን፣ በአግዳሚ ብረቶቹ መካከል ሙቀት ጠባቂ ነገር ተሞልቶ ከሥሩ በሰሌዳ ይሸፈናል። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው፣ ከውስጥ በኩል በነባሩ ወለል ላይ ፎም አንጥፎ ሌላ ኮምፔንሳቶ መደረብ ነው። ሦስቱም ወለሉን ያሞቃሉ፤ የሚያስከትሉት ወጪና ጣጣ ግን ለየቅል ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ እንቅስቃሴ ነው። ለሁለት ዓመት አንድ ካምፕ ውስጥ ቆሞ የሚከርም ካራቫንና በየሦስት ሳምንቱ ከሞጣ ወደ ብቸና፣ ከብቸና ወደ ደጀን የሚጎተት ካራቫን አንድ ዓይነት መፍትሔ ሊኖራቸው አይችልም። ለቆመው የሚያዋጣው አጥር ለሚጎተተው ዋጋ የለውም፤ ለሚጎተተው የሚያስፈልገው ጠንካራ ሽፋን ደግሞ ለቆመው ከንቱ ወጪ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ውኃ ነው፤ በእኔ ሚዛን ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው። ውኃ ወደ ሆዱ የሚደርሰው በሦስት አቅጣጫ ነው። አንደኛ፣ ጎማው በክረምት ጭቃውን ወደ ላይ ይረጫል። ሁለተኛ፣ ከመታጠቢያውና ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ሆዱ ክፍት በሆነበት ጊዜ ጠብታው መሬት ላይ ይታይ የነበረው፣ ከተዘጋ በኋላ ግን ለወራት ሳይታይ ይጠራቀማል። ሦስተኛው የማይታየው ነው፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ሰው ሲተነፍስ፣ ሻይ ሲፈላ፣ እርጥብ ልብስ ሲሰቀል እንፋሎቱ በወለሉ ስንጥቅ ወርዶ ቀዝቃዛውን ብረት ሲያገኝ ጤዛ ይሆናል። ማንኛውም ሽፋን መመዘን ያለበት ውኃን ምን ያህል እንደሚከለክል ብቻ ሳይሆን አንዴ የገባውን ውኃ በየት እንደሚያስወጣም ታይቶ ነው።

ሦስተኛው መመዘኛ ሙቀት ነው፤ ይህን በቁጥር ማየት ይሻላል። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 2.4 ሜትር የሆነ ካራቫን 14.4 ካሬ ሜትር ወለል አለው። ወለሉ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ብቻ ከሆነ፣ ውስጡ 18 ዲግሪ፣ ውጭው 5 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት በወለሉ ብቻ የሚያመልጠው ሙቀት በስሌት ወደ 530 ዋት ይጠጋል። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ነጭ ፎም ሲጨመርበት ይኸው ቁጥር ወደ 110 ዋት ይወርዳል። 30 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጨመር ደግሞ 160 ዋት አካባቢ ነው። ከዚህ እንደሚታየው ትልቁን ሥራ የሚሠራው የመጀመሪያው 3 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ውፍረት ጥቅሙ እያነሰ ይሄዳል። በተጨማሪም ብረት ሙቀትን ከፎም ከሺህ እጥፍ በላይ ያስተላልፋል፤ ስለሆነም ፎሙ በአግዳሚዎቹ መካከል ብቻ ሲሞላ ሙቀቱ በብረቶቹ በኩል መውጫ ያገኛል፤ የሚገኘውም ውጤት ከስሌቱ ያነሰ ይሆናል።

የሙቀቱን ጉዳይ ቦታው ይወስነዋል። አየሩ በየ1000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከአባይ በረሃ ድልድይ 1400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኘው ደብረ ማርቆስ ከበረሃው ወደ 9 ዲግሪ ትቀዘቅዛለች። እንጅባራ ከደብረ ማርቆስም ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ዝናቧም ከባድ ነው። ወደ 1900 ሜትር ዝቅ ባለችው ፍኖተ ሰላምና ከእርሷም ባነሰችው ባሕር ዳር ግን ወለልን በፎም መሙላት ቅንጦት ነው። እዚያ የሚያስቸግረው የቀን ሙቀት ነው፤ እርሱም የሚመጣው ከጣሪያ ስለሆነ፣ ያለው ገንዘብ ጣሪያው ላይ ቢውል ይሻላል፤ ለሥሩ አቧራና አይጥ የሚከለክል ሽፋን ይበቃል።

የቀሩት መመዘኛዎች ክብደት፣ አይጥ፣ እሳትና የመጠገን ምቾት ናቸው። ስለ አይጥ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ለትንሽ አይጥ በር ነው። ስለ መጠገንም እንዲሁ፤ የፍሬን ሽቦ፣ የመብራት ገመድና ቧንቧ በዚሁ ሆድ ውስጥ ስለሚያልፉ፣ ተፈትቶ የማይታሰር ሽፋን አንድ ቀን በመጋዝ መቆረጡ አይቀርም።

ዙሪያውን ማጠር፤ ሸራ፣ ቆርቆሮ፣ ቀርቀሃ

ለቆመ ካራቫን በትንሹ ወጪ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ነፋሱን ማስቀረት ነው። ሸራው ከላይ በአንጎላሬ ብረት ተጨብጦ ከታች በአሸዋ ማዳበሪያ ከተጫነ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ጉዞ ሲመጣም ተጠቅልሎ ይጫናል። ጉድለቱ መርገብገቡ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጋጭ ከማደሩ በላይ ጠርዙ በአንድ በጋ ተበልቶ ያልቃል። ጠርዙን በድርብ ማሰፋትና በየግማሽ ሜትሩ የብረት ቀለበት ማስገባት ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ቆርቆሮ ከሸራ ይጸናል፤ ነገር ግን መሬቱን ሳያዩ ቆርቆሮ ማቆም አይገባም። ከብቸና እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው ሜዳ ብዙው መሬት ዋልካ ነው፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ካራቫኑን የተሸከሙት ድጋፎች በሐምሌ ጥቂት ሲሰጥሙ ከመሬት ጋር የተገናኘው ቆርቆሮ ክብደቱን ይቀበላል፤ ይጣመማል፤ የታሰረበትንም ጠርዝ ይዞ ይነቅላል። እንደ እንጅባራ ባለ ቀይ አፈር ላይ ይህ ችግር እምብዛም አይታይም። በዋልካ ላይ ቆርቆሮውን ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ማቆምና ክፍተቱን ባረጀ የመኪና የውስጥ ጎማ ቁራጭ መሸፈን ይበቃል፤ ጎማው ስለሚታጠፍ መሬቱ ከፍ ዝቅ ቢል አይጎዳም።

የቀርቀሃ አጥር የአዊ ደጋ ሰው የሚያውቀው መፍትሔ ነው። እንጅባራ አካባቢ በቆምንበት ጊዜ ቀርቀሃ የሚሠሩ አንድ አዛውንት የካራቫኑን ዙሪያ ለክተው ሲጨርሱ ምንጣፉን እንዲሁ ልንተክለው እንደሆነ ጠየቁኝ። «አዎን አባባ፣ እንዲሁ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ ወንፊት ነው፤ ሳይመረግ ንፋስ አይዝልህም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ጭድ በገባበት ጭቃና በእበት ከተመረገ ነፋስ አያሳልፍም፤ ዋጋውም በአካባቢው ቀርቀሃ ለሚያገኝ ሰው ከቆርቆሮ በብዙ ያንሳል። ምርጊቱ ግን ካራቫኑ ሲንቀሳቀስ ይፈርሳል፤ በየክረምቱም የታችኛው ሁለት ስንዝር ታጥቦ መታደስ ይፈልጋል። ምስጥ በሚበዛበት ቆላ አይመከርም።

በየትኛውም አጥር ሁለት ነገሮች ግዴታ ናቸው። አንደኛው ከሥሩ ያለውን መሬት በወፍራም ላስቲክ ሸፍኖ ጠርዙን በጠጠር መጫን ነው፤ ያለበለዚያ ከእርጥብ መሬት የሚነሣው እንፋሎት መውጫ አጥቶ ቻሲውን ያዝገዋል። ሁለተኛው በሁለት ተቃራኒ ጎኖች በጥቅጥቅ ወንፊት ሽቦ የተሸፈነ መተንፈሻ መተው ነው። አፈር ቆልሎ ጠርዙን መድፈን ርካሽ ቢመስልም ብረቱን ለዝገት አሳልፎ መስጠት ነውና አይሞከር።

ሆዱን መዝጋት፤ በምን ይሞላ?

ነጭ ፎም፣ በሱቅ አጠራሩ ስታይሮፎም፣ በጎጃም ከተሞች ለኮንክሪትና ለማሸጊያ ሥራ ስለሚሸጥ ለማግኘት ቀላል ነው። ክብደቱ ኢምንት ነው፤ ለ14.4 ካሬ ሜትር በ50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ከ11 እስከ 14 ኪሎ ግራም ቢመዝን ነው። ውኃ ሲነካው እንደ ሱፍ አይረጥብም፤ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ሲበላሽም የተበላሸው ቁራጭ ብቻ ይለወጣል። ጠላቶቹ አይጥ፣ ሙቀትና ቤንዚን ናቸው። አይጥ ባትበላውም ትቦረቡረዋለች። ከ100 ዲግሪ በታች መለስለስ ይጀምራል። እሳት ከያዘው ደግሞ ጥቁር ጭስ እያወጣ ይነዳል።

ስለ ቤንዚኑ የራሴን ስሕተት ልናገር። የመጀመሪያውን ካራቫን ስዘጋ ፎሙን በጫማ ሰፊ ማስቲሽ ለጠፍኩትና አመሻሽ ላይ ሥራዬን ጨርሼ ተኛሁ። ጠዋት ገብቼ በእጄ ስነካው ማስቲሹ በተቀባበት ሁሉ ፎሙ ሟሙቶ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሮ አገኘሁት፤ ግማሹ ወደ መሬት ወርዷል። ማስቲሹ የሚቀጥንበት ፈሳሽ እንደ ቤንዚን ፎምን ያሟሟል። በመንገድ ካምፕ ውስጥ ሬንጅ እንደ ልብ ስለሚገኝ «ውኃ እንዳያስገባ ሬንጅ እንቀባው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ለመንገድ የመጀመሪያ ቅብ የሚውለው፣ ኤም ሲ 30 የሚባለው ቀጭን ሬንጅ ኬሮሲን ያለበት ስለሆነ ፎሙን እንዲሁ ይበላዋል፤ ትኩስ ሬንጅ ደግሞ ያቀልጠዋል። ፎም መያዝ ያለበት ፈሳሽ አሟሚ በሌለበት ማጣበቂያ ወይም ከሥሩ በሚታሰር ቀጭን ብረት ነው።

ጠጣር ፎም፣ ማለትም ባለ ቀለሙና ድፍኑ ሰሌዳ፣ ከነጩ የተሻለ ውኃ ይቋቋማል፤ በተመሳሳይ ውፍረትም ሙቀትን ትንሽ በልጦ ይይዛል፤ ሲረገጥም አይጎደጉድም። ዋጋው ይበልጣል፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣትም ሊያስፈልግ ይችላል። ለሚጎተት ካራቫን ከጎማው በላይ ላለው ቦታ ብቻ ይህን መርጦ ቀሪውን በነጭ ፎም መሙላት ወጪን ያመጣጥናል። አሟሚ ፈሳሽ ግን ሁለቱንም ይበላቸዋል።

የመስታወት ሱፍ በወረቀት ላይ ከነጭ ፎም የማይተናነስ ሙቀት ጠባቂ ነው፤ እሳትም አይፈራም። ችግሩ ጥቅሙ የሚገኘው በውስጡ ከያዘው አየር መሆኑ ነው፤ አየሩን ውኃ ሲተካው ጥቅሙ ይጠፋል። ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ አንድ ሌላ ሰው የዘጋውን ካራቫን በመስከረም ስከፍት፣ የመጨረሻው ቡሎን ሲወጣ ላሜራው ከነሸክሙ ክንዴ ላይ ወረደ። ቢጫው ሱፍ ውኃ ጠጥቶ እንደ ታጠበ ባና ከብዶ ነበር፤ በመካከሉ በማዳበሪያ ክርና በስንዴ ገለባ የተሠራ የአይጥ ጎጆ፣ ከላዩም ጣት የሚያስገባ የዝገት ቀዳዳ። ላሜራው አንዲት የውኃ መውጫ ቀዳዳ አልነበረችውም። በሆድ ሥራ ላይ የመስታወት ሱፍን የማልመርጠው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ለግድግዳና ለጣሪያ ግን ምንም አልለውም።

የሚረጨው ፎም በሙቀት አጠባበቅ ከሁሉም ይበልጣል፤ ስንጥቁን ሁሉ ስለሚደፍን ነፋስና አቧራንም አብሮ ያስቀራል። ሆኖም ሁለት ኬሚካሎችን የሚያዋሕድ ማሽን፣ የሠለጠነ ሠራተኛና የመተንፈሻ ጭንብል ይጠይቃል። ከተረጨ በኋላም ገመድና ቧንቧው በውስጡ ተቀብሮ ይቀራል፤ ከሥሩ ዝገት ቢጀምር አይታይም። በሱቅ በጠርሙስ የሚሸጠውን የሚነፋ ፎም ለቧንቧ ማለፊያ ቀዳዳዎችና ለጠርዝ ስንጥቆች መጠቀም ግን ለማንኛውም አማራጭ ጠቃሚ ነው።

ባለ ፎይሉ አረፋማ ላስቲክ ብዙ ተስፋ የሚነገርለት ነገር ነው። በራሱ ውፍረት የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው፤ የሚሠራው ብርማው ገጹ ከፊቱ የተዘጋ ደረቅ የአየር ክፍተት ሲኖረው ብቻ ነው። በወለል ሥር ሙቀት የሚሄደው ወደ ታች ስለሆነ ክፍተቱ ካለ ከጣሪያ ይልቅ እዚህ የተሻለ ይሠራል። በቀጥታ ከኮምፔንሳቶው ጋር ተለጥፎ ከሥሩ ክፍት ከተተወ ግን አንድ በጋ ባልሞላ ጊዜ አቧራ ይለብሳል፤ አቧራ የለበሰ ፎይል ደግሞ ከተራ ላስቲክ አይለይም።

ጭድ በማዳበሪያ ሞልቶ ከሥር መጎዝጎዝን የሚመክሩም አሉ። አይጥና እሳትን በአንድ ላይ መጋበዝ ስለሆነ ወደ ንጽጽሩ አላስገባሁትም። የበግ ጸጉር እርጥበትን በመቻሉ ከጭድ ይሻላል፤ ብል ግን አይምረውም።

ከሥር በምን ይሸፈን?

ለሚጎተት ካራቫን ምርጫው በሦስት ነገሮች መካከል ነው። ባለ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ለ14.4 ካሬ ሜትር ወደ 113 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ጠጠር አይበሳውም፤ ቻሲውና የጎታቹ አቅም ካልፈቀደ ግን ክብደቱ ራሱ ችግር ነው። የውፍረት ቁጥሩ (ጌጁ) 28 የሆነ ቆርቆሮ ከላሜራው ግማሽ በታች ይመዝናል፤ ለአብዛኛው ሥራም ይበቃል። ውስጡ ባዶ የሆነው የፕላስቲክ ሰሌዳ ከ15 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ አይዝግም፤ ውኃ አይጠጣም፤ በሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎችም በብዛት የሚጠቀሙት እርሱን ነው። የሚቀደደው ከጎማው ፊትና ኋላ ነው፤ በእነዚያ ቦታዎች ላይ የላሜራ ቁራጭ መደረብ ይበቃል። ኮምፔንሳቶ ከሥር ለሚረጭ ጭቃ የሚሆን ዕቃ አይደለም፤ በሁለት ክረምት ቅጠል በቅጠል ይላላጣል።

ከላይ መደረብ

ይህ መንገድ ካራቫኑን ማንሣትም ሆነ ከሥሩ በጀርባ መተኛት አያስፈልገውም። ነባሩ ወለል ላይ ላስቲክ ይነጠፋል፤ በላዩ ባለ 30 ሚሊ ሜትር ጠንከር ያለ ፎም፣ በእርሱም ላይ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይደረባል። ፎሙ ከውኃና ከጠጠር ርቆ በቤቱ ውስጥ ይቀመጣል፤ የብረት አግዳሚዎቹንም ሙሉ በሙሉ ስለሚሸፍን ሙቀት የሚያመልጥበት ድልድይ አይኖርም። ዋጋው ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍታ ማጣት፣ በሩን ከሥር መቁረጥ፣ አልጋና ቁም ሣጥን ማንሣትና ወደ 110 ኪሎ ግራም ተጨማሪ ክብደት ነው። ለቆመ ካራቫን፣ በተለይ ከውስጥ እድሳት በሚደረግለት ጊዜ፣ እኔ ከሁሉ በፊት የምመክረው ይህን ነው፤ ከሥር መግባትን እንደ ሙያ የሚቆጥሩ ባልደረቦቼ ግን እስካሁን አልተስማሙኝም።

| አማራጭ | ወጪ | ለብርድ | ለውኃ | ለጉዞ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| የሸራ ዙሪያ | ዝቅተኛ | ነፋስ ብቻ ያግዳል | ጥሩ | ተጠቅልሎ ይጫናል | ለጥቂት ወራት ለሚቆም |
| የቆርቆሮ ዙሪያ | መካከለኛ | ነፋስ ያግዳል | መተንፈሻ ካለው ጥሩ | ይፈታል | ለዓመትና ከዚያ በላይ ለሚቆም |
| ቀርቀሃ ከምርጊት | በአዊ ደጋ ዝቅተኛ | ከቆርቆሮ የተሻለ | በየዓመቱ ይታደሳል | አይሆንም | ለማይንቀሳቀስ |
| ከላይ የተደረበ ወለል | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ይከብዳል | ለቆመና ለሚታደስ |
| ነጭ ፎም ከፕላስቲክ ሰሌዳ ጋር | መካከለኛ | ጥሩ | ጥሩ | በጣም ቀላል | ብዙ ለሚጎተት |
| ነጭ ፎም ከቆርቆሮ ጋር | መካከለኛ | ጥሩ | ቀዳዳ ካለው ጥሩ | ጠንካራ | ለጠጠር መንገድ |
| የመስታወት ሱፍ ከላሜራ ጋር | ከፍተኛ | ደረቅ ከሆነ ጥሩ | ደካማ | ከባድ | ለሆድ አይመከርም |
| የሚረጭ ፎም | ከፍተኛ | ከሁሉ የላቀ | በጣም ጥሩ | ቀላል | ጥገና ለማይበዛበት |
| ባለ ፎይል ላስቲክ ብቻ | ዝቅተኛ | ደካማ | መካከለኛ | ቀላል | ከፎም ጋር ለድጋፍ |

ለማን የትኛው?

ገንዘብ ለሌለውና ደጋ ላይ ለቆመ ሰው፦ መሬቱ ላይ ላስቲክ፣ ዙሪያውን ሸራ ወይም የተመረገ ቀርቀሃ፣ ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ፣ ከአልጋው ፊት አጎዛ። የወለሉን ስንጥቅ በሲልከን መድፈን ከዚህ ሁሉ በፊት ይቅደም፤ ከሁሉ የሚረክሰው ሥራ እርሱ ነው።

መካከለኛ አቅም ላለውና ለዓመታት ለሚቆም፦ ከላይ የተደረበ ወለልና የቆርቆሮ ዙሪያ። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ የሆዱን ሙሌት መርሳት ይቻላል።

በየወሩ ለሚጎተት፦ በአግዳሚዎቹ መካከል ነጭ ፎም፣ ከሥሩ የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ በጎማው አካባቢ የላሜራ ድርብ። የአባይን በረሃ ቁልቁለት የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ፎሙ ከፍሬን ከበሮው ቢያንስ ሁለት ስንዝር ይራቅ፤ ወደ 1400 ሜትር በሚጠጋው ቁልቁለት ላይ የተጠመደ ፍሬን ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላልና። መካከሉን በላሜራ ከለላ መለየት የበለጠ ያስተማምናል።

የሕክምና ወይም የክትባት አገልግሎት ለሚሰጥ ካራቫን፣ ወለሉ በየቀኑ በውኃ ስለሚታጠብ፣ ከላይ መደረብ አይስማማም፤ እዚህ ጠጣር ፎም ከሥር፣ ከላይም መጋጠሚያው የተበየደ የፕላስቲክ ንጣፍ ይሻላል።

ሥራው ሲጀመር

ካራቫኑ በክሪክ ከተነሣ በኋላ በካቫሌቶ ወይም በጠንካራ ግንድ ሳይደገፍ ማንም ከሥሩ አይግባ፤ በዋልካ መሬት ላይ ከካቫሌቶው ሥር ሰፊ ጣውላ ያስፈልጋል። ሆዱ ከመዘጋቱ በፊት ቧንቧው ሁሉ ውኃ ተሞልቶ አንድ ሌሊት ይደር፤ ጠዋት ወረቀት በየመገጣጠሚያው ቢደረግና ቢረጥብ ፍሳሹ ተገኘ ማለት ነው። ብረቱ ተፍቆ ጸረ ዝገት ይቀባ፤ ይድረቅ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፎሙ ይግባ። በሽፋኑ ዝቅተኛ ቦታዎች በየሜትሩ ባለ 5 ሚሊ ሜትር የውኃ መውጫ በትራፓኖ ይበሳ፤ ከዚህ የሰፋ ከሆነ አይጥ ይገባበታልና በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ማሰሪያው ሪቬት ሳይሆን ቪቴ ወይም ቡሎን ይሁን።

ወለሉ ከተዘጋና ስንጥቁ ከተደፈነ በኋላ የሚለወጥ አንድ ልማድ አለ። ቀድሞ በወለሉ ስንጥቅ ይገባ የነበረው አየር ስለማይኖር፣ ከሰል ማንደጃ ይዞ ካራቫን ውስጥ መተኛት ከበፊቱ የበለጠ ገዳይ ይሆናል፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛውንም አይቀሰቅስም። ፍሙ ውጭ ይደር፤ የመስኮቱም የላይኛው መተንፈሻ ሌሊቱን አይዘጋ።

የመጀመሪያው ክረምት ሲያበቃ፣ መስቀል ባለፈ ሳምንት፣ ከጎማው ጀርባ ያለውን አንድ ሰሌዳና ከመታጠቢያው ሥር ያለውን ሌላ አንድ ሰሌዳ ፈትቶ ፎሙንና ብረቱን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ደረቅ ከሆነ መልሶ ማሰር ነው፤ እርጥብ ከሆነ ግን ውኃው የመጣበት መንገድ እስኪገኝ ሆዱ ክፍት ይቆይ።